ኩራባቸው አሁንም ለጥሩምባ ይነሣል

ዓለሜ አስፋው፣

አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ደብዳቤ የምልክልህ በጓደኞችህ መኪና ነበር። ወደ ናዝሬት ለሚወርድ ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ እሱም ያገኘህ ቦታ ያቀብልሃል። ይህችን ግን በማን እጅ እንደምልካት አላውቅም። አንተ ወዳለህበት የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ መልስ ይዞ የሚመለስ ነው የሌለው።

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ሙት ዓመትህም ታስቦ ዋለ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ፣ እኔም ድስቱን አጥቤ አጥቤ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል አስፌ። ኀዘን ያስለቅሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እንዲህ እንደሚያደክም ግን የነገረኝ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጧት ስነሣ እንጨት ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን አጥር ወንድምህ ተሰማ ከሮቤ መጥቶ አድሶታል። ጭጋጉ ከጭላሎ እየወረደ ደጃፋችን ላይ ይቆማል፣ ጭቃውም ያው ጭቃ ነው። መኪናህን ባለቤቷ ለሌላ ሹፌር ሰጥተዋታል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ካንተ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። አትቀየም፣ እውነቱን ነው የምነግርህ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ኩራባቸው ነው። የሰዉን ወሬ ከዚህ ወደዚያ የሚያደርስልህ አታጣም፤ የውሻህን ወሬ የሚነግርህ ግን ከእኔ በቀር የለም።

ያመጣኸውን ቀን ታስታውሳለህ? ናዝሬት ጋራዡን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ተቀብለህ፣ በካፖርትህ ጠቅልለህ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል ከጋቢናው አቅፈኸው ወረድክ። ጆሮው ገና አልቆመም፣ መዳፉ ግን የትልቅ ውሻ ነበር። ይኼ ሲያድግ አሰላ ውስጥ አጠገቡ የሚደርስ አይኖርም ብለህ ስሙን ኩራባቸው አልከው። ከዚያ ቶሎ እንዲገዝፍልህ ቅቤ የጠጣ ገንፎ፣ ወተት፣ ከሥጋ ቤት የምታመጣው ጮማ። ለአራስም እንዲህ አይደረግ እያልኩ አጉረመርም ነበር፤ አንተ ትስቃለህ። በእውነትም ገዘፈልህ።

ከዚያ ደግሞ የአገሩን ልማድ አደረስክ። ጠባቂ የሚሆን ውሻ ቀን ቀን ሰው እንዳያይ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ከቤተሰቡ በቀር ሰው ሁሉ ጠላቱ ይሆናል። በሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሰህ አሰርከው። ቀን የሚነሣው የመኪናህን ጥሩምባ ሲሰማ ብቻ ነበር። ከተማው መግቢያ ኩርባው ላይ ስትደርስ አጭር አጭር አድርገህ ትነፋና መጨረሻውን ታረዝመዋለህ፤ እሱ ጎጆው ውስጥ ሰንሰለቱን ይጎትታል፣ እኔ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ።

ዓመት ሳይሞላው የኋላ እግሩ ይከዳው ጀመር። ሲራመድ ዳሌው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል ባንድነት ያነሣል፣ ከተኛበት ለመነሣት የፊት እግሮቹን ተክሎ ይንቀጠቀጣል። አንተ የሰው ዓይን ነው አልክ። ሌላው ወድቆ ነው አለ። በመጨረሻ ከጢቾ በኩል ከብት የሚተኩስ ሰው አስመጣህና ዳሌውን ግራና ቀኝ በጋለ ብረት ተኮሰው። ጭንቅላቱን የያዝከው አንተ ነበርክ። ክንድህን በጥርሱ ያዘ፣ እኔ ጮኼ ነበር፣ እሱ ግን ሳይጫን ለቀቀህ። ያን ቀን እራትህን አልበላህም። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ቁስሉን ቅቤ ስትቀባለት በመስኮት አይህ ነበር፤ አየሁህ ብዬ ግን ነግሬህ አላውቅም።

ቀጥሎ ተስቦው መጣ። እሱንም እኔንም አደራ ሳትል ሄድክ። እድናለሁ ብለህ ነበር፣ እኔም ትድናለህ ብዬ ነበር።

አንተ ካለፍክ በኋላ ኩራባቸው ጎጆው ውስጥ ዋለ፣ አደረ። ማታ ሲፈታም ሁለት ርምጃ ሄዶ ይተኛል። አዲሱ ሹፌርም ኩርባው ላይ ይነፋል፣ የገበያው ከብት መንገድ ስለሚዘጋ ሳይነፋ አያልፍም። መኪናዋ ያችው፣ ድምፅዋም ያው። ኩራባቸው ይሰማና ይነሣል፤ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል፣ ሰንሰለቱ የሚፈቅድለት ድረስ ይሄድና ቆሞ በሩን ያያል።

ጥምቀት ሰሞን ተሰማ መጣና አየው። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለህ። ብቻዬን የከተማው ዳር ላይ መኖሬ ያሳስበዋል፣ ጅቡም ሌባውም እውነት ነው። እትዬ፣ መቆም ያቃተው ውሻ ምን ይጠብቃል፣ ለእሱም ስቃይ ነው፣ መርዝ በሥጋ አድርገን እንገላግለው፣ እኔ ጎረምሳ ውሻ አመጣልሻለሁ አለኝ። እስከ ሙት ዓመቱ ታገሠኝ፣ በዓመቱ ስትመጣ ያው ከሆነ እንዳልክ አድርግ አልኩት። ከዚያ ማታ ማታ አልቅሼ አላውቅም እንዳልልህ፣ አልቅሻለሁ።

በዚያው በጋ የከብት ክትባት የሚሰጥ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አሰላ መጣ። ሰው ከብቱን ሲነዳ እኔ ውሻዬን በጋሪ ጭኜ ሄድኩ። ጥቁር ለብሼ ከላሞቹ መሐል ተሰለፍኩ፤ ሳቅ እንደነበር ብነግርህ ይሻላል። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። በጎኑ አስተኛው፣ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ ወደ ጎን ከፈተ፣ እጁን ዳሌው ላይ አድርጎ አዳመጠ። በእጄ ዳስሼ እንዳየው አደረገኝ፤ አጥንቱ ከቦታው ሲወጣና ሲገባ ቋ ይላል። አስተርጓሚው እንዲህ አስረዳኝ፦ የዳሌው ሙቀጫ ጥልቀት የለውም፣ የጭኑ ዘነዘና ውስጡ ይዋልላል፣ ሲዋልል ይፋጫል፣ ሲፋጭ ያማል። ሲወለድ የመጣ ነው፣ በዘሩ ያለ ነው። የሰው ዓይን አይደለም። ቶሎ መግዘፉ ግን አብሶበታል፣ ታስሮ መዋሉም ሥጋውን ከጭኑ ላይ ጨርሶታል፤ አጥንቱ የማይዘውን ሥጋው ነበር ሊይዝለት የሚገባው።

ቅቤህ ማለት ነው አስፌ። ሰማህ? በፍቅር አወፍረህ እግሩን ነሣኸው። ይህን ስሰማ መናደድ ነበረብኝ፣ ነገር ግን ገንፎውን ስታቀርብለት የነበረው ፊትህ መጣብኝና እዚያው ከብቱ መሐል እንባዬ ወረደ። አስተርጓሚው ውሻው የሚሞት መስሏት ነው ብሎ አጽናናኝ።

በአገራቸው አጥንቱን በቀዶ ጥገና የሚያስተካክሉ አሉ፣ እዚህ ግን የለም አለ ሐኪሙ። የሚድን አይደለም፣ የሚኖርበት መንገድ ግን አለው። ይክሳ፤ ጮማና ቅቤ ይቅርበት። ከእርጥብ መሬት ተነሥቶ ደረቅ ገለባ ላይ ይተኛ። ጧት ሳታጣድፉት ራሱ ይነሣ። በብርድ ቀን ዳሌውን በሞቀ ጨርቅ እሹት። ከሁሉ በላይ ግን ቀን ይፈታ፤ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ይሂድ፣ አጭር አጭር፣ በቀን ደጋግሞ።

የመጨረሻው ነው የከበደኝ። ቀን ሰው መሐል የዋለ ውሻ ጠባቂነቱ ይቀራል። ይህን አውቄ ነው የፈታሁት።

ኀዘንተኛ ሴት ውሻ በገመድ ይዛ ስትንሸራሸር ያየ ሰው ምን እንዳለ አንተው ገምት። የነፍስ አባቴ እጅሽን ታጠቢ ብቻ አሉኝ። ጎረቤታችን ዘይነባ ውሻ አትነካም፣ ከፈረሷ በረት ግን የገብስ ገለባ በአጥር እየወረወረች ታቀብለኝ ነበር። ዳሌውን ሳሸው አይታ፣ ወላሂ ባልሽ ተነሥቶ ቢያይሽ ይቀናል፣ ለእሱ እንዲህ አድርገሽለት ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ካንተ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ከሳ። ጭኑ ሥጋ ያዘ። መወዛወዙ አልለቀቀውም፣ ብርድ ሲሆን ያነክሳል፣ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይሆንለትም፣ እኔም አንዳንድ ቀን ገመዱን ሳየው ይታክተኛል። ግን እንሄዳለን።

ለሙት ዓመትህ ተሰማ ሲገባ ኩራባቸው ተፈትቶ ግቢው ውስጥ ነበር። ተነሣ፣ እየተወዛወዘ እስከ በሩ ሄደ፣ አልጮኸም፣ እጁን አሸተተና ጅራቱን ወዘወዘ። ይኼው፣ ጠባቂም አይደለም እንዲለኝ ጠበቅኩ። ተሰማ ጎንበስ ብሎ የተተኮሰበትን ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰ፣ ረጅም ጊዜ ዳሰሰ። ከዚያ ጎረምሳውን አመጣለሁ፣ እሱ ይጠብቅ፣ ይኼ ይቀመጥ አለ። አጥሩን ሊያይ ወደ ጓሮ ሄደ፣ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

አዲሱ ሹፌርም ለሙት ዓመትህ መጥቶ ነበር። የኩራባቸውን ነገር ዘይነባ ነግራው ኖሮ፣ ሲሰናበተኝ፣ እትዬ፣ ጥሩምባውን ሲሰማ እየተነሣ የሚሠቃይ ከሆነ ኩርባው ላይ መንፋቱን እተዋለሁ፣ ረዳቴ ወርዶ ከብቱን ያባርራል አለኝ። ተው፣ ንፋ አልኩት። ሐኪሙ ደጋግሞ ይነሣ ብሏል፣ ለእግሩ ይበጀዋል አልኩት። ሐኪሙ በእርግጥ ብሏል።

ላንተ ግን የቀረውን ልንገርህ። ጥሩምባው ሲሰማ የሚነሣው ኩራባቸው ብቻ አይደለም። እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ እነሣለሁ። አብረን እስከ በሩ እንሄዳለን፣ መኪናዋ ታልፋለች፣ ቆም ብለን አይተን አብረን እንመለሳለን። እንደማትወርድ ሁለታችንም እናውቃለን።

እሱ ቀድሞኝ መነሣት ያቃተው ቀን፣ እኔ ስለ ሁለታችን እነሣልሃለሁ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ
አሰላ