የልብስ ሰፊዋ አንገት

የካቲት 3
የጋውኔ የላይኛው ቁልፍ ወለቀ። ኪሴ ውስጥ አለ። መርፌ የለኝ፣ ጊዜ የለኝ...
መስኮቱ ጥግ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ገብተዋል። አምስተኛው የአንገት አጥንታቸው ላይ እጢ። ቀኝ እጃቸው መርፌ መያዝ ካቃተው ሁለት ወር።
"ልጄ፣ ቁልፍሽስ?" ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። "እንዳትጥያት። እኔ እተክልልሻለሁ።"
በየትኛው እጅ?

የካቲት 5
ተባረርኩ።
የጠዋቱ ስብሰባ ላይ የቀዶ ሐኪሞቹ አለቃ የአንገታቸውን ፊልም ሰቀለና "እንደተለመደው ከኋላ እንገባለን" አለ። (እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ የለውም።) እጢው ያለው ከኅብለ ሰረሰሩ ፊት ነው። ከኋላ የገባ ሰው እጢው ጋ ለመድረስ ኅብለ ሰረሰሩን መግፋት አለበት። ኅብለ ሰረሰር ደግሞ ሲገፉት አይምርም፤ ሽባ ያደርጋል። ይህንኑ ተናገርኩ፣ ሰው ሁሉ ባለበት።
"አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"
ኦፕራሲዮን ክፍል ድርሽ እንዳልል። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ማወቄ?

የካቲት 7
ለሴትየዋ ሁለቱንም መንገድ ነገርኳቸው። በፊት በኩል ሲገባ የድምፅ ነርቭ መንገዱ ዳር አለ፤ ድምፅ ሊዘጋ ይችላል፣ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው።
"ድምፄ ባሌን መነዝነዣ ነው። እጄ ግን ጉሮሮዬ ነው።" አንገታቸውን ነካ አደረጉና፣ "በጉሮሮዬ ግቡና ጉሮሮዬን አትርፉልኝ።"
ማናችን ቀድመን እንደሳቅን እንጃ።

የካቲት 8
ከሰዓት። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ባዶ። ሲስተር፣ ዕድሜዋን እዚህ የጨረሰችው ነርስ፣ ጠራችኝ። አዲስ ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ደንቧ ነው፦ ያልተኛ አያስተኛም።
"ተከልክያለሁ እኮ።"
"የተከለከልሽው መቅደድ ነው፤ መተኛት ማን ከለከለሽ?"
በጀርባዬ። ከትከሻዬ ስር የተጠቀለለ ፎጣ። አንገቴ ወደ ኋላ ለቀቀ... ጣቴን በአየር ቧንቧዬና በሚመታው የደም ስር መሃል አስገባሁ። ቧንቧው ወደዚህ፣ የደም ስሩ ወደዚያ... በሰው መሃል ይቅርታ እያሉ እንደ ማለፍ። ታች፣ አጥንት። የራሴ። የጠፋው ትልቅ መብራት ከላዬ ተንሳፈፈ። ክፍሉ ውሃ መሰለኝ።
"ተኝተሽ ነው የምትከራከሪው?" አለቃው። በሩ ላይ።
"ቆሜ ስከራከር አባረሩኛ።"
ሲስተር ሳቋን ዋጠች። እሱ አልተቆጣም። "ከፊት ገብቼ አንድ ሰው ድምፅ አሳጥቻለሁ። ድሮ። አስተማሪ ነበር።"
ወጣ።

የካቲት 10
"ከፊት ለመግባት አስቤያለሁ" አለ አለቃው በስብሰባው። አስቤያለሁ!
"ያሰብኩት እኔ ነኝ።" አፌ ቀደመኝ።
ወደኔ ዞረ።
"እንግዲያው አብረሽኝ ትገቢያለሽ። ቢበላሽ ያንቺ ነው።"
"ቢሳካስ?"
ፊልሙን ይዞ ወጣ።

የካቲት 11
ሕልም። ነጭ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል፣ ያልፋል... አያልቅም። ቀስ እያለ ይመታል፣ እንደ ልብ።

የካቲት 12
እሱ ሠራ፣ እኔ ቧንቧውን ወደ ጎን ይዤ ቆምኩ። አራት ሰዓት ሙሉ። ክንዴ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እጢው እየተቆራረሰ ወጣ፣ እንደ ረጠበ ሳሙና። ከዚያ... ተጨፍልቆ የነበረው ኅብለ ሰረሰር ቀስ ብሎ ተነሳ። ነጭ። መምታት ጀመረ።
"አየሽ?"
"አየሁ።"
እጢው የበላው አጥንት በነበረበት ትንሽ የብረት ምሰሶ ተከልን።

የካቲት 13
ሴትየዋ ነቁ። ድምፃቸው የለም። ትንፋሽ ብቻ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት እኔ ነኝ ብዬ የለ? ይሄም የኔ ነው።

መጋቢት 4
"ቁልፏን አምጪ።" የሴትየዋ ሹክሹክታ። ገና ከዚያ በላይ አልወጣም።
ክሩ ስድስት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ። ልረዳ ስል እጄን መታ አደረጉኝ። በቀኛቸው! በሰባተኛው ገባ። "ባሌ ድምፄ እንዳይመለስ እየጸለየ ነው" አሉና ያለ ድምፅ ሳቁ።
ጋውኔን ሳላወልቅ ጎንበስ አልኩላቸው። አለቃችን በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። (ቆመው... አንቱታውን እጄ ራሱ ጻፈው። ይቅር ግን አላልኩም።)
መርፌው ጉሮሮዬ ስር ወጣ፣ ገባ።
"አትንቀሳቀሺ" አሉኝ።
አልተንቀሳቀስኩም።