ላልታ ስለተነበበች አንዲት «ሰ»

ይድረስ ለከተማችን ባህል ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም ወንበርዎም ደህና መሆናችሁን ከደጅ ሆኜ ስለሰማሁ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ እኔን ባያውቁኝም እናቴን ያውቋታል። በወጣትነቷ በአንድ ፊልም ላይ ብቅ ብላ አንዲት ዓረፍተ ነገር የተናገረችው፣ እርስዎም በታደሰው ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ ከነንግግሯ ያሳሏት እሷ ናት። ስለ ክብሩ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። የቀሩኝን ጥቂት ቅሬታዎች ደግሞ በጽሕፈት ቤትዎ ወግ መሠረት በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙን ላላዩትና አይተው ለረሱት ላስታውስ። እናቴ የተጫወተቻት እናት ስልክ ቤት ውስጥ ቆማ፣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ሩቅ አገር ያለ ልጇን ታነጋግራለች። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ የልጁ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። ያኔ ቀስ ብላ «ልጄ፣ አይሰማም» ትላለች። «ሰ» ጠብቆ ነው። ድምፅህ አይደርሰኝም ማለቷ ነው። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል፣ ፊልሙም እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ አገር ምድሩ የሚያስታውሰው ሌላ ሴት ነው። ወገቧን ይዛ፣ ጣቷን እያወዛወዘች፣ ልጄ ምክር አይሰማም እያለች ለጎረቤት የምታማርር ሴት፤ «ሰ» ላልቶ። በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ የሚምልልኝ ሰው ሞልቷል። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይማ ጣቷን ከነቀለበቷ ያስታውሳል። ስልክ በሁለት እጇ የያዘች ሴት ጣቷን የምታወዛውዘው በስንተኛው እጇ እንደሆነ ብጠይቀው፣ መቀሱን አቁሞ ጥቂት አሰበና ያ ክፍል ኋላ ተቆርጦ መሆን አለበት አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ትቻለሁ፤ ፀጉር ግን አሁንም ጥሩ ይቆርጣል።

ነገሩ የተበላሸው በፊልሙ ማስታወቂያ ወረቀት ነው። ዓረፍተ ነገሯ ነጠላ ሰረዟ ቀርቶ ታተመች፤ ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። ፊልሙን ካዩት ወረቀቱን ያነበቡት በዙ፣ ያዩትም ከብዙኃኑ ጋር መስማማት ቀለላቸው። በሕዝቡ ግን ብዙም አልፈርድም። ሰው የሚያስታውሰው የሚገለገልበትን ነው። ድምፁ የራቀበት ልጅ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክር የማይሰማ ልጅ ግን በየቤቱ አለ። እንዲህ ሆኖ ልጇን ስታናግር የነበረችው ሴት ልጇን የምታማ ሆና ቀረች።

ሦስተኛ፣ ሰዓሊው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት ይህንኑ ላስረዳ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በድጋሚ ስመጣም እዚያው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ለወገብዎ ሰጋሁ። የሥነ ሥርዓት ክፍል ባልደረባዎ ግን በትሕትና ተቀብለውኝ ከፊደሉ አንድም አለመለወጡን፣ ደግሞም አብዛኛው ሰው እንዲህ ካስታወሰው ትክክሉ እሱ መሆኑን አስረዱኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በእኔ ሥራ ግን ብዙ ሰው የብልቃጡን ጽሑፍ ስለተሳሳተ ውስጡ ያለው መድኃኒት አይለወጥም። ፊደሉ አለመለወጡም እውነት ነው፤ የተጨመረው የቃለ አጋኖ ምልክትና ክንድ የሚያህል ጣት ብቻ ነው።

አራተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ለሲኒማ ቤቱ ምርቃት በተደረገው ልምምድ ላይ እናቴ መድረክ ወጥታ ዓረፍተ ነገሯን በራሷ አኳኋን ተናገረች። ባልደረባዎም እማማ እያሉ፣ ትከሻዋን ደገፍ አድርገው፣ ቆጣ እንድትልና ጣቷን ከፍ እንድታደርግ ለመኗት። እሷም ሰው ማስቀየም ስለማትወድ ሞከረች።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ መርሳት ጀምራለች። የጎረቤቶቿ ስም ጠፍቶባታል፤ ምድጃውን ለኩሳ ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቀን እኔንም በሟች እህቷ ስም ትጠራኛለች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን አልጠፋችባትም ነበር። ልምምዱን ጨርሰን ቤት ስንገባ እኔ ሰሃን ሳጥብ እሷ መስተዋት ፊት ቆማ ጣቷን ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ኋላ ዞር አለችና «እኔ እንዴት ነበር ያልኩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ይሳሳታል?» አለችኝ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ስላላገኘሁ በቀጥታ ልበለው፤ ተናድጃለሁ፣ ደክሞኛልም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ግድግዳው እንዳለ ይሁን፤ ጣቱም የእርስዎ ይሁን። በምርቃቱ ቀን ግን የማንም አሮጌ ስልክ ይሁን፣ እጀታውን በሁለት እጇ ያስይዙልኝ። ሌላውን እሷ ታውቀዋለች።

ጤናዎን፣ ወንበርዎን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእሱ ከማያንስ ድካም ጋር፣

የዚያች ሁለት እጅ ብቻ ያላት ሴት ልጅ

ማስታወሻ፦ ለልምምዱ ያመጣችሁት ማይክሮፎን አይሠራም። እናቴ መጀመሪያ ስትናገር ከኋላ ወንበር የነበሩት ቀለም ቀቢዎችና የመብራት ሠራተኞች ባንድ ድምፅ «አይሰማም» ብለው ጮኸው ነበር፤ «ሰ»ን አጥብቀው፣ ልክ እንደሷ። እናቴም ፈገግ አለች። ስለዚህ ሕዝቡ ትክክለኛውን እንደማያውቅ ተደርጎ የሚቀርበው ምክንያት ይታረምልኝ። ላልቶ የሚነበበውም ቢሆን ከነጭራሹ አይጣል። ከጽሕፈት ቤትዎ ስመለስ ጎረቤቶቼ ኃላፊው እንዴት ነው ብለው ጠይቀውኝ፣ አንቱታውን ለአፍታ ትቼ የመለስኩላቸው በእሱ ነው።