ጀልባዋ በባዶ የበረረች ዕለት

ሰኞ፣ ኅዳር 4። ማታ 1 ሰ.

ታጥቤም ቤንዚን ቤንዚን እሸታለሁ፣ ደብተሬ። ከአጎቴ ከሙሄ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። ሐይቅ ላይ የገበሬ ማኅበሩን የሞተር ጀልባ የሚነዳው እሱ ነው። ባለፈው ፕሮፔለሩ፣ ከሞተሩ ሥር እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋው ማለቴ ነው፣ ድንጋይ መትቶ ተሰበረ። አጎቴ የሚወቅሰው ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ መንገድ አልለቀቀልህም? አልኩት። አኮረፈ።

የአሰብ መኪና ሾፌሩ እንድሪስ ሁለት ይዞ መጥቷል። አንዱ የሚያብለጨልጭ፣ ክንፎቹ ክፉኛ የተጠማዘዙ። ሌላው ደብዛዛ፣ ክንፉ ለጥ ያለ፣ የሰርግ ቤት ጭልፋ የመሰለ። እንድሪስ እንደሚለው የተጠማዘዘው በአንድ ዙር ሩቅ ስለሚሄድ ቤንዚን ይቆጥባል፤ አሰብ ላይ ሲበር አይቶታል። ጭልፋው ግን ብዙ መዞር አለበት። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ለወር አንድ በርሜል። ቁጠባ ማለት ነፍስ ነው። አጎቴ የሚያብለጨልጨውን እንደ ሙሽራ አፍጥጦ ያያል። ሽማግሌ እንላክ ወይ? አልኩት። ኩርኩሙ ለጥቂት ሳተኝ።

ኮሚቴው ይምረጥ ተብሎ ሁለቱንም ይዘን መጣን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ት/ቤት ፎረፍኩ። ለሳይንስ ነው፣ አላህ ያውቃል። ሐይቅ ዳር የሙከራ ቀን። መጀመሪያ የሚያብለጨልጨው ተገጠመ። የማኅበሩ ጓድ ሊ/መንበር በኮትና በቆብ መጡ። ገበሬዎቹ ከነእህላቸው፣ ከነፍየላቸው ሊሳፈሩ ቆመዋል። ከትልቅ ሰው ጋር ፍየል አይሳፈርም ተባለ። ሁሉም «ይለፉ፣ ይለፉ» እያለ ዳር ቀረ። የተቃወሙት ፍየሎቹ ብቻ ናቸው። ጀልባዋ ላይ አጎቴና ሊ/መንበሩ። ሁለት ሰው!

በረረች። ወላሂ በረረች! ቆባቸው ወደ ውሃው ሄደ፣ እሳቸው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። እኔ በሳቅ ተንከባለልኩ።

ወዲያው ስብሰባ። የሚያብለጨልጨውን የምትደግፉ እጅ አውጡ። የመጋዘኑ ዘበኛ አባ ይመር እንቅልፋቸውን ሳያቋርጡ አወጡ፤ እጃቸው ስብሰባ ለምዷል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጭልፋው ውሃ እንኳ ሳይነካ ለእንድሪስ ተመለሰ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

በርሜሉ አለቀ። ወሩ ግን አላለቀም። አጎቴ ዛሬ መሀል ሐይቅ ላይ ቀርቶ፣ እህል የጫነች ጀልባ እየቀዘፈ መጣ። መዳፉ ተልጧል።

ኮሚቴው የሚለው፦ ፕሮፔለሩ ቆጣቢ ነው፣ በዓይናችን አይተናል፣ እንግዲህ ቤንዚኑ ተሸጧል። አሻጥር የሚለው ቃል ተነሥቷል። አጎቴ እሑድ መልስ ይስጥ፤ ካልሆነ ከጀልባዋ ይነሣል፣ ጉዳዩም ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ የሄደ ጉዳይ ሰውየውንም ይዞ እንደሚሄድ እኔም አውቃለሁ። እማዬ የወንድሟን ስም በሹክሹክታ ትጠራለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ምናለ ያን ቀን ከምንከባለል ትንሽ አስቤ ቢሆን።

ዓርብ፣ ኅዳር 22። ማታ

ኮምቦልቻ ወርጄ እንድሪስን ፈለግኩት። ወደ ደሴ ጭነት ነበረውና ጋቢና አስገባኝ። ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው ያቃስታል። ማርሽ ቀነሰ፤ እንደገና ቀነሰ። በትልቁ ማርሽ ለምን አትወጣውም? አልኩት። ይህን ሁሉ ጭነት ይዤ? ሞተሩ ታንቆ ነዳጅ ይጠጣል እንጂ ንቅንቅ አይልም አለኝ። ደግሞ አሰብ ላይ ሞተር ጠግቦ ይተነፍሳል፤ እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳና ጉልበቱ ይደክማል። ይህን ብሎ ፊቴን አየኝ። ነገሩ ለሁለታችንም ገባን።

የተጠማዘዘው ትልቅ ማርሽ ነው! ለባዶ ጀልባ፣ ለአሰብ። ለጥ ያለው ለጭነት፣ ለእኛ። በባዶ ሞክረን ጭነን ነዳን። ለሊ/መንበሩ ክብር ስንል። ፍየሎቹ ልክ ነበሩ።

ጭልፋውስ? አልኩት። ለአልሙኒየም አቅላጮች ሰጥቶታል። ድስት ሆኗል። እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንዷ ሽሮ እያንተከተከችበት ይሆናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ሦስት ቀን እስቅ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 24። ጠዋት

ትናንት ሁሉንም ለአጎቴ ነገርኩት። የሞተሩ ድምፅ መታመሙን በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰምቼዋለሁ አለ። ግን ዘይኑዬ አለኝ፣ ጀልባዋ ጭነት አራግፋ ስትመለስ ትበር ነበር፤ ለዚያች ለመልሷ ስል ዝም አልኩ። የተላጠ መዳፉን ያያል።  

ወስኗል። ኮሚቴውን አንድ ነገር ብቻ ይለምናል፦ ለክፉ ቀን ከተቀመጠው ቤንዚን አንድ ጀሪካን ይስጡት፤ ጀልባዋ እንደ ገበያ ቀን ትጫን። እህሉም፣ ፍየሉም፣ ሊ/መንበሩም መሀል ላይ። ቤንዚኑ የት እንደሚሄድ በዓይናቸው ይዩ። ካላዩ፣ ያሰቡትን ያድርጉት።

የዒድ ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። እንዳትስቂ አለኝ። እሺ አልኩት። እኔም እሳፈራለሁ፤ ጭነት ልጨምርለት። ጀልባ እንድታዘግም ዱዓ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

ያ አላህ፣ ዛሬን ብቻ እንዳትበር።