በር ላይ መቆም

ኅዳር 4
ዛሬም ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሰው በመገናኛ ሬዲዮ ከሩቅ ዘመዱ ጋር ወደሚነጋገርበት ሬዲዮ ቤት ሄድኩ። ዛሬም የባሌ የታጁ ድምፅ የለም። ባል ብሎ ነገር... ሬዲዮኛው ሂርሲ ቀና ሳይል «በሪ» አለኝ። በሶማልኛ ነገ ማለት ነው። ሀርጌሳ እንደመጣሁ ሰሞን በር ላይ ቁሚ ያለኝ መስሎኝ ሄጄ ቆምኩ። ወዲያው ታጁ ከጅቡቲ በሬዲዮው ጠራኝ። ይኸው ትርጉሙን ካወቅኩ በኋላም በር ላይ ነው የምቆመው። ምን ነካኝ?

ኅዳር 6
የጎረቤቴ የኻዲጃ ፍየል በሬን በቀንዷ ስትደበድብ ዋለች።
«አንቺው ነሽ ያበላሸሻት» አለችኝ ኻዲጃ። «አንድ ቀን የድንች ልጣጭ ትሰጫታለሽ፣ አንድ ቀን ታባርሪያታለሽ። ወይ በየቀኑ ስጫት፣ ወይ ጭራሽ ተያት። ምናልባት ዛሬ እያለች እኮ ነው።»
ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ሳቄ ጠፋ። ታጁ በየሐሙሱ ቢጠራኝ ኖሮ፣ አንድ ሐሙስ ሲቀር ነገሩ ይገባኝ ነበር...

ኅዳር 9
ታጁ ተገኘ። «ሰዓዳዬ፣ ቤት ላግኝና አስመጣሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።» «መቼ?» ስለው ሬዲዮው ተንጫጫ። እየሮጥኩ የምማርበት ስፌት ትምህርት ቤት ደረስኩ... ተበትኗል። መምህሯ ዓምራን ድሬዳዋ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ለቁጣ ይመቻል።
«ጣሪያ ሳይኖረን በፀሐይ የተማርሽ ልጅ፣ ቤቱ ሲከደን ትቀሪያለሽ? አንድ ቀን ብትደግሚ መኪናሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»
እውነቷን ነው። ከሰው ቤት ልብስ አጠባ የምታወጣኝ ያቺ የስፌት መኪና ብቻ ናት። የሁለቱም ሰዓት ደግሞ አንድ ነው፣ ወይ ሬዲዮው ወይ ስፌቱ።

ኅዳር 11
ስፌት ገባሁ። የሸሚዙን እጅጌ በስህተት ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁት። ዛሬ ቢጠራኝስ? እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት።

ኅዳር 15
ልጣጭ ከከለከልኳት ወዲህ ፍየሏ ብሶባታል። በሩን ልትገነጥለው ነው። «ቻያት፣ ልትተው ስትል ነው የሚብሳት» ትላለች ኻዲጃ። እኔንም ማን በቻለኝ።

ኅዳር 18
ሂርሲ ራሱ ስፌት ቤት ድረስ መጣ። «ታጁ ሰሞኑን በየቀኑ ይጠራሻል፤ አሁንም መስመር ላይ ነው። ቶሎ ወደ ሬዲዮው ነይ ይላል።»
በየቀኑ? በየሳምንቱ አቅቶት የነበረው ሰውዬ?
ዓምራን አየችኝ። ልቤ ተነስታ ሄዳለች፣ ምን ይዋሻል። እግሬን ከፔዳሉ አላነሳሁም።
«በሪ በለው» አልኩት።
የራሱን ቃል ብመልስለትም ሂርሲ አላመነኝም መሰለኝ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።