የረቡዕ ቅቤ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ፊቴን አሳየሁ! በቃ፣ ሆነ።

እስከ ዛሬ በሶ በምሸጥበት የኢንተርኔት ገጼ ላይ የሚታየው እጄ ብቻ ነበር። በሶ የሚነፋ እጅ፣ በሶ የሚያሽግ እጅ። ሰዉም «ባለእጇ» ይለኝ ጀመር። በስልክ መነገድ ያስተማረን አሠልጣኝ ግን «ሰው የሚገዛው ዕቃ አይደለም፣ ሰው ነው፤ ፊትሽን አውጪ፣ ስምሽን አውጪ» እያለ ሥልጠናው ካለቀ በኋላም በስልክ ይጨቀጭቀኛል። ለእሱ ቀላል ነው። እኔ ኩዌት ያን ሁሉ ዓመት ስኖር ከወጥ ቤት ወጥቶ እንግዳ ፊት የሚቀርበው ሳህኑ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ዛሬ ቃና ዘገሊላ ነው፣ የሚካኤልም ቀን ነው። እማዬ ካገራችን፣ ከጉና ተራራ ሥር፣ ለበዓሉ ብላ ቅቤ ልካልኛለች። ታዲያ በዚያ ቅቤ በሶ አሸሁ፣ በጭብጤ ጨብጬ ጭብጦ አደረግሁት፣ ካሜራው ፊት ገመጥሁ። ዓይኔን የጨፈንሁት ለማስመሰል አይደለም፤ እውነትም ጣፈጠኝ። የቀረጸችኝ ሙሉ ናት፤ አንድ ግቢ የምንኖር ልብስ ሰፊ። አሥር ጊዜ ጀምሬ ሳቋርጥ «ሙሽራ ነሽ እንዴ?» ብላ ስልኩን ቀማችኝ።

«ሃይ ቤተሰብ፣ ትሪ ነኝ!» አልሁ። አሠልጣኙ ነው ስምሽ አጭር ይሁን ያለኝ። ትርንጎ ይረዝማል አለ።

«ትሪ ማለት ሳህን የሚደረደርበት አይደል እንዴ?» አለች ሙሉ። አልሰማኋትም።

ቪዲዮው ግን አልጫን አለ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። የደብረ ታቦር ኔትወርክ እንደ አመሉ ነው። ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቼው ልተኛ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ምነው ስልኩን ጉድጓድ ውስጥ ጥዬው በነበር።

ቪዲዮው ማክሰኞ አልወጣም። ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ጎህ ሲቀድ፣ በረቡዕ፣ በጾም ቀን ወጣ። እኔ እንቅልፌን ስለጥጥ ፊቴ በዓለም ሁሉ ፊት ቅቤ ይገምጣል። ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ ስልኩ እንደ ምጣድ ግሏል።

«ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ዐረብ አገር አልነገሩሽም?»

«ማተቧ የታል?» (አንገቴ ላይ ሻርፕ ስለነበረ ነው! ማተቤማ እንደታሰረ ነው።)

«ስሟ ትሪ፣ ሥራዋ ሳህን መላስ።»

ይሄን ሳነብ እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ቀጥሎ ግን ሀቀኛው የሚባል ሰው መጣ። ፎቶ የለው፣ ፊት የለው፣ ስም ብቻ። «እነዚህ ከዐረብ አገር የሚመለሱት ልጆች ሃይማኖታቸውን ሸጠው መጥተው ደግሞ በሶ ይሸጡልናል» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። እንደዚያ የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ፊቴ ላይ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«የተቀረጸው ትናንት ነው፣ ማክሰኞ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ደግሜ ጻፍሁ። ማን ያነባል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔን ወለምታ ያመጣው ራሱ ቅቤው ነው፣ በምን ልሸው?

ሙሉ «ተይ አትመልሺ፤ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። በሶ ሊወስዱ የነበሩት የባሕር ዳሯ ባለሱቅ ደግሞ «ነገሩ ይብረድና እንነጋገራለን፣ እሺ የኔ እህት?» አሉ። ሱቁስ ይቅር። የምፈራው አንድ ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 14

የፈራሁት ደረሰ። እማዬ ሰምታለች።

የእሷ ስልክ ቁልፍ ያለው፣ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ነው። ግን እኮ ከገሳይ ከተማ በላይ ያለው አገር በሙሉ ወጣቱ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ይወጣል። ከጉብታው ወሬ ይዞ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዷ ጎረቤት «ልጅሽ በረቡዕ ቅቤ ስትውጥ ታየች» ብላታለች።

ደወልሁላት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ።» ዘጋችው። እማዬ ደህና ሰንብቺ ሳትል ስልክ ዘግታ አታውቅም።

ገብሱ የእሷ ነው፣ የሚቆላውም በእሷ እጅ ነው። የእኔ በሶ ልዩ ነው የሚሉት እኮ ከእኔ የተነሣ አይደለም፤ እሳቱን መቼ ቀነስ፣ ገብሱን መቼ ገልበጥ እንደምታደርገው እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። እሷ «ከእንግዲህ አልቆላም» ካለች ገጹም ስሙም ባዶ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረኝ ኩዌት ነው። የኩዌቷ አሠሪዬ፣ ማዳም፣ «ልጆቹ ናፍቀሻቸዋል፣ ነይ» የሚል ድምፅ ከላከች ሰንብታለች። ልጆቹ ናፍቀውኛል፣ እውነት ነው። ወጥ ቤቱ ግን አልናፈቀኝም።

አሠልጣኙን ጠየቅሁት። «የይቅርታ ቪዲዮ ሥሪ፤ ሳትኳኳይ፣ ብታለቅሺበት ደግሞ ጥሩ ነው፣ ተመልካች ይጨምራል» አለኝ።

ያልገደፍሁትን ጾም ላልቅስበት? አላደርገውም!

ዓርብ፣ ጥር 15

ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ። የሙሉን ምክር ትቼ ለሰው ሁሉ መመለስ ጀመርሁ፤ ለተሳደበውም፣ ለሳቀውም። ሀቀኛውን ብቻ ዘለልሁት።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ጾሙን ከፈጣሪ ጋር ተነጋገሪበት፤ ቅቤው ግን ያምራል፣ ከየት ነው?» ብለው ጻፉ። ወደድኋቸው። «ከጉና ነው እናቴ» አልኋቸው። «ይታያል» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ስትለኝ ዋለች ይህች ቃል።

ቤት ጠረግሁ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግሁ። ነገ ምን ልላት ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እማዬ መጣች። ከቤት እስከ ገሳይ በእግሯ፣ ከገሳይ በሚኒባስ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበላት እጇ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ያለ ገብስ መጥታ አታውቅም።

ቤት ገብታ ውሃ ጠጣች፣ «እስቲ አሳይኝ» አለች። ያን ቪዲዮ አየችው። ድገሚው አለች፣ አየች። እንደገና አለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ሙሉም በር ላይ ቆማለች።

«ቅቤው የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ለሚካኤል የላክሁልሽ። ማክሰኞ እንደበላሽው መች አጣሁት? እሱን እግዜር ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እማዬ፣ በምን ተቀየምሽኝ?»

«የማን ልጅ ነኝ አላልሽማ!»

አልገባኝም። እሷ ደግሞ ተናደደች።

«አንች ልጅ፣ ሰው ደጅ ቆመሽ ቤቶች ስትይ፣ ማነሽ ሲሉሽ ምን ትያለሽ? ትሪ ነኝ ትያለሽ? የፈንታሁን ልጅ ነኝ አይዶለም የምትይው? እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ ወይስ መንገድ? አባት የለሽ፣ እናት የለሽ፣ አጥቢያ የለሽ፤ እንዳው ከሰማይ ዱብ ብለሽ ቅቤ ትገምጫለሽ። መንገደኛ ሆንሽባቸው። መንገደኛን ደግሞ ሰው ያሻውን ይለዋል፣ ማን ይጠይቀዋል ብሎ!»

አሠልጣኙ ስለ ስም ስንት ቀን ሙሉ አስተምሮኛል። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

«እና ከእንግዲህ ገብስ አትቆይልኝም?» አልኋት።

«ስምሽን አስተካክለሽ ከተናገርሽ እቆላለሁ። በትሪ ስም ግን አንድ ፍሬ አልቆላም።»

ሙሉ ስልኩን አነሣች። እማዬ ፊቴን አላሳይም ብላ እምቢ አለች፤ «እኔ አሁን ምን ልታይ?» ብላ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ስለዚህ እኔ ፊቴን፣ እሷ እጇን። አጠገቤ ቁጭ ብላ በሶውን ታሻለች፤ የምትታየው ከክንዷ በታች ብቻ ነው።

«ትርንጎ እባላለሁ» አልሁ። «የፈንታሁን ልጅ ነኝ፣ ነፍሱን ይማረው። አገሬ ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ነው። ኩዌት ሠርቼ ተመልሻለሁ፤ ማተቤ ይኸው። ይህ እጅ የእናቴ የይታይሽ እጅ ነው፤ ገብሱን የምትቆላው እሷ ናት። ያያችሁት ቅቤ የማክሰኞ ነበር።»

ሙሉ ልታጠፋው ስትል እማዬ ካሜራው ሳያያት ጮክ ብላ፦

«እናንተሳ? የማን ልጆች ናችሁ?»

አልቆረጥነውም። እንዳለ ለቀቅነው።

እሑድ፣ ጥር 17

ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ከፈትሁ። ኧረ ጉድ!

«የአስረስ ልጅ ነኝ፣ ከእስቴ።» «የሼህ ሰይድ ልጅ ነኝ፣ ከአዲስ ዘመን፤ እናቴም በሶ ትሠራ ነበር።» «የወይዘሮ ስንዱ ልጅ ነኝ፣ አባቴን አላውቅም፣ እሷ ለሁለቱም ትበቃለች።» እንዲህ፣ እንዲህ፣ ማለቂያ የለውም። አንዷ ደግሞ ከኩዌት፦ «እዚህ ቤት የሚጠሩኝ በሌላ ስም ነው። ስሜ ግን ያልማዝ አዲሱ ነው። ከጻፍሁት ቆየሁ።»

ይህችኛዋን ሳነብ አለቀስሁ። አሠልጣኙ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር፤ ካሜራው ግን ጠፍቷል።

እማዬ አንድም እንዳይዘለል ብላ ሁሉንም አስነበበችኝ። ለእያንዳንዱ መልስ አላት። «ከእስቴ ነው? ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር በይው።» «ያቺን ልጅ እናትሽን ሳሚልኝ በያት።» አውራ ጣቴ ዛለ። ስንት ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን ነገር እማዬ ደጅ ላይ ቆማ መንገደኛ ስታነጋግር ኖራ ለካ ጨርሳዋለች።

ከዚያ ሀቀኛው ብቅ አለ። «ስም ምን ያደርጋል፣ ሥራ ነው እንጂ» ብሎ።

«ይሄ ነው የተሳደበው?» አለች። «ጠይቂው። አንተስ የማን ልጅ ነህ በይው።»

ጠየቅሁት። ጠፋ። ምሳ በላን። ከሰዓት በኋላ አንዲት መስመር መጣች፦ «የጌጡ ልጅ ነኝ። ከገሳይ።»

እማዬ በሳቅ ተንፈራፈረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ።

«ጌጡ! ጌጡ ደርባባው? በሁዳዴ ወተት ጠጥቶ ድመቷ ጠጣችው ብሎ፣ ጺሙ ላይ አረፋው ሳይጠረግ፣ አገር ያሣቀው! ድመት እንኳ አልነበረውም እኮ!»

ኧረ ደስታዬ! ጣቴ ቀድሞኝ ፊደሉ ላይ ደርሷል። ሁሉም ሰው እያየ ነው፣ እነዚያ «ወደድነው» ያሉት ሁሉ። እማዬ እጄን ያዘችው።

«እንዳትጽፊ።»

«እማዬ! እሱ እኮ እኔን...»

«እሱ ያለሽ የማን ልጅ እንደሆንሽ ሳያውቅ ነው። አንች ግን የማን ልጅ እንደሆነ አውቀሻል። አውቀሽ አባቱን በልጁ ፊት አታዋርጂም። ይታይሽ ሰላም ብላሃለች፣ አባትህ ደህና ነው ወይ ብለሽ ጻፊ።»

ጥርሴን ነክሼ ጻፍሁ። ውስጤ ግን ገና ይቃጠላል።

ሰኞ፣ ጥር 18

ሀቀኛው በውስጥ መስመር ጽፎ አደረ። ስሙ ሀብታሙ ነው። አባቱ አርጅተው አዲስ አበባ እሱ ጋ ናቸው። ቪዲዮውን ሲያሳያቸው «የፈንታሁን ሚስት እጅ ነው!» ብለው ከአልጋቸው ተነሡ። «ጥርሳቸው አልቋል፤ እህል እምቢ ብለውኛል። ከዚያ ጭብጦ ትልኪላቸዋለሽ ወይ? ስላልሁሽም ነገር... እኔ እንጃ፣ አፈርሁ» ይላል። ገጼም ላይ ወጥቶ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩም «የጌጡ ልጅ» ብሎ። ቁጣዬን ፈለግሁት፣ አጣሁት።

የባሕር ዳሯ ባለሱቅም ደውለዋል። «በረደ» አሉ እየሳቁ። በሶው ይላክ ብለዋል። እማዬ ነገ ትመለሳለች፤ ገብስ ልትቆላ። ለማዳምም መለስሁላት፦ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እኔ እዚህ ሥራ አለኝ።

ገጹን «የይታይሽ ልጅ በሶ» አልሁት። አሠልጣኙ ይረዝማል አለ። ይርዘም።

አሁን የጋሽ ጌጡን ጭብጦ ልናሽ ተቀምጠናል። ቅቤውን አምጥቼ በሶው አጠገብ አስቀመጥሁ። እማዬ እጇን ታጥባ፦

«መቼ ይደርሳል ይሄ?»

«መኪናው ነገ ይወጣል። እጃቸው የሚገባው ረቡዕ ነው።»

ቅቤውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ኑግ አምጭ አለችኝ።

«ከሐሙስ በፊት አይብሉ እንበላቸው እንጂ» አልኋት።

«ጌጡን አውቀዋለሁ» አለች፣ ኑጉን እያፈሰሰች። «አይጠብቅም።»