በሚያዝያ የጨረስኩት የዓመት ፈቃድ

ልጄ ኔሪስ፣ እግዜር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ሕፃኑንም ያሳድግልሽ። የአባትሽ ጉልበት ብሶበት ላስታምመው ስል በሰኔ መጨረሻ ከብስኩት ፋብሪካው ለቀቅኩ።

ልጄ፣ አፍሬያለሁ። የመጨረሻ ደሞዜ ተቆርጦ ሲመጣ ደሞዝ ከፋይዋን ግሌኒስን ሰው ሁሉ እየሰማ «ሌባ!» አልኳት። የመሰናበቻ ኬኬን የጋገረችልኝ እሷ ናት።

ቀስ ብላ፣ «እትዬ ማይር፣ የፈቃድ ዓመቱ የሚቆጠረው ከጥር ነው፤ እስከ ሰኔ ግማሽ ዓመት ለሠራ ሰው የሚደርሰው የግማሽ ዓመት ፈቃድ ነው። እርስዎ የዓመቱን ሙሉ በሚያዝያ ኒውዚላንድ ልጅዎ ዘንድ ጨርሰውታል። ትርፉ ከደሞዝዎ እንደሚቆረጥ ውሉ ላይ ፈርመዋል» አለችኝ።

ይቅርታ ልጠይቃት ሁለቴ እስከ ቢሮዋ በር ሄጄ ተመለስኩ። እባክሽ ሕፃኑን አቅፌ የተነሳሁትን ፎቶ ላኪልኝ፤ እሱን ይዤ እገባለሁ። ቀኖቹ የት እንደሄዱ ትይልኝ።

አምላክ አንቺንም እሷንም ይባርክልኝ።

እናትሽ ማይር