ትልቁ ልክ

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ቤትሽ ሁሉ ደህና ነው? ያ ሲነጋ የሚይዝሽ ራስ ምታትስ ተወሽ ወይ? እኔ ናፍቆትሽን ከበሽታ ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ቁስሌ ጠግጓል፤ ስስቅም ሳስነጥስም አያመኝም። ጸጉሬ ግን አሁንም ማበጠሪያውን ተከትሎ ይመጣል፤ እንዳልሽኝ ይመለሳል ብዬ እየጠበቅሁት ነው። ምግቤ ያው ነው፦ ግማሽ እንቁላል፣ ጥቂት ማንኪያ ሾርባ፣ ከዚያ ሆዴ በቃ ካለ እኔም በቃኝ። ድሮ እሱ በቃ ሲል የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን በስልክ አንቺ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋለን። በጽሑፍ ከሆነ እስክጨርስ ድረስ መስማትሽ ግድ ነው። ደግሞ አትቆጪኝ። እሺ ተቆጪ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢና ተቆጪ።

ነገርኳቸው። የሥራ ቤት ሰዎቹን፣ ሁሉንም።

ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት መኪና ውስጥ ቀበቶዬን እያሰርሽልኝ ያልሽኝን አልረሳሁም። የሐሞት ጠጠር ነው በያቸው፣ በሐሞት ጠጠር ላይ ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም አልሽኝ። ስትከሺ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ በይ፤ ሰው የሚያምነውን ነገር ከሰጠሽው ያርፋል አልሽኝ። አስበሽበት ሳይሆን በቃልሽ እንደምታውቂው ነገር ነበር የተናገርሽው። እኔም ቃል በቃል አደረግሁት። ሁለተኛ ጥያቄ የለም ያልሽው ብቻ ነው የከሸፈው፤ አጠገቤ የምትሰፋዋ፣ ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ የምንላት፣ ጠጠሩን በብልቃጥ አድርገው ሰጡሽ ወይ፣ እስቲ አምጪና እንየው ብላ መቀመጫ አሳጣችኝ። ሐኪሙ ወሰደው አልኳት። ምን ሊያደርግለት አለችኝ።

ስለ ሥራችን በደንብ ነግሬሽ የማውቅ አይመስለኝም። እኛ የሥራ ልብስ ነው የምንሰፋው፤ የነርስ፣ የምግብ አብሳይ፣ የጽዳት ሠራተኛ። ቆራጫችን ጋሽ መቀስ ናቸው፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። እሳቸው አሻንጉሊት ላይ ልብስ አይለኩም። ልብስ የሚለብሰው የሚተነፍስና የሚያጎነብስ ሰው ነው ይላሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልክ አንድ የሚተነፍስ ሰው አላቸው። ትንሹ ልክ ሬዲዮ ናት። መካከለኛው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ትልቁ ልክ እኔ ነኝ። አዲስ ልብስ ሲታዘዝ ናሙናውን ሰፍተው ያለብሱናል፣ በስፒል ይይዙታል፣ በጠመኔ ያሰምሩበታል። በዚያ ልክ ካርቶን ይቆረጣል፣ በካርቶኑ ደግሞ ጨርቁ። በማላውቀው ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ወፍራም ሴት በእኔ ትከሻ ልክ እጇን ዘርግታ ድስት እንደምታወርድ አስቢው።

ትልቋን ጥሯት ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። መንገድ ላይ ትልቅነቴ ስድብ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ነው፤ እማዬ ቤት የምግብ ሰዓት ተግሣጽ ነው። እዚያ ቤት ብቻ ትልቅነቴ ሥራ ነበረው። ይህን ለሐኪሙም አልነገርኩትም፣ ላንቺም አልነገርኩሽም፤ ግን ቢላዋው ስር ከመግባቴ በፊት ከሞት ይልቅ የፈራሁት ያንን ማጣት ነበር።

ስመለስ ወንበሬን ጠብቀውልኝ ነበር። ከዚያ መክሳት ጀመርኩ፣ እነሱም መተርጎም ጀመሩ። ሬዲዮ ፍቅር ይዟታል አለች። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሳንባዋን ትመርመር አለች። የጽዳት ሠራተኛችን ደግሞ ምንም ሳትል በየጠዋቱ ትከሻዬን ይዛ ትጸልይልኝ ጀመር፤ የሐሰት በሽታ በእውነተኛ ጸሎት ሲታከም እንደማየት የሚያሳፍር ነገር የለም። እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ደረብኩ። እውነትም ይበርደኛል፤ ብርድ ብርድ ይልሻል ብለሽኝ አልነበር? ግን ሁሉም ለብርዱ አልነበረም። ገላዬ ከእጃቸው እየሸሸ መሆኑን እንዳያዩ ነው።

በመሐል አንድ ሆስፒታል ለምግብ አብሳዮቹ ጋውን አዘዘ። ለመጀመሪያው ልክ ስጠራ ሁለት ሹራብና ወፍራም ቀሚስ ነበረብኝ። ናሙናው ልክክ አለ፣ ጋሽ መቀስም ተደሰቱ። ለሁለተኛው ልክ ስጠራ ግን ሙቀት ገብቶ ነበር፤ የካውያው እንፋሎት ተጨምሮበት ላብ አጥምቆኝ ሹራቦቼን አውልቄ ተቀምጫለሁ። መልሼ ልልበስ ብል ሁሉም ያየኛል። እንዳለሁ ሄድኩ። ጋውኑ ከወገቤ ላይ ዝርጥርጥ አለ። ጋሽ መቀስ ጨርቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ልኩ አንቺ ነሽ፤ የሳተው የእኔ እጅ ነው አሉኝ። ከዚያ ጎንና ጎኑን በስፒል እየያዙ አጠበቡት።

እታለም፣ እጆቼን ዘርግቼ ቆሜ ሲያጠብቡት ዝም አልኩ።

ጋውኖቹ ተሰፍተው ሄዱ፣ ትልልቆቹም በካርቶን ተመለሱ። ቁልፉ አልገናኝ ብሏል። አንዷ አብሳይ ትልቅ ያላችሁት ለየትኛዋ ልጃገረድ ነው ብላ በቃል ልካለች፤ ሾፌሩ እየሳቀ ነገረን፣ ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም። ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ደንበኛው ኮስተር ብሎባታል። ጋሽ መቀስን ወደ ቢሮዋ ጠራቻቸው። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ድምፅ ባንሰማም ሁሉን አየን፤ እሳቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ፣ እሷ አንገቷን ስትደፋ። ሲወጡ የሆነውን ሬዲዮ አጣርታ መጣች፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልብስ ማጠፍ ላይ ይሆናሉ፣ ሌላ ቆራጭ ይመጣል።

በግማሽ እውነት ላድናቸው ሞከርኩ። ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገብቼ የከሳሁት እኔ ነኝ፣ የእሳቸው ጥፋት አይደለም አልኳት። መክሳትሽን ማን አጣው አለችኝ። ታመሽ ነበር፣ የአንድ ቆራጭ ዓይን ደግሞ ይህን ማየት ነበረበት፤ ይልቅ አንቺ በደንብ ብዪና ወደ ሰውነትሽ ተመለሺ አለችኝ። ወጥቼ ወደ ጋሽ መቀስ ሄድኩ። ጭራሽ እሳቸው አጽናኑኝ። ሥራ አስኪያጇ ሌላ ትልቅ ልክ ፈልጉ ብትላቸው እንቢ ማለታቸውን ያኔ ነው የሰማሁት፤ በሽታ የወሰደውን ምግብ ይመልሰዋል፣ ልጅቷ ስትድን ልኩም ይመለሳል፣ ቦታዋን ለሰው አልሰጥም ብለዋታል።

አንጀቴን በሉት። ያ ሁሉ ሰው የማይመጣ ገላ ይጠብቅልኛል።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ስልኩን አንስቼ ያንቺን ቁጥር አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የምትዪኝን አውቀዋለሁ፤ የሰው አፍ ውስጥ አትግቢ ትዪኛለሽ። እውነትሽን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በሳህኔ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አሁን ደግሞ ሆዷን አስቆርጣ ከሳች፣ ሰነፍ፣ አቋራጭ ፈላጊ ሊሉኝ ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ፤ የቀረችኝ ሆድ ትንሽ ብትሆንም ለመባባት አላነሰችም። ግን ያ ሽማግሌ የገዛ እጁን ገልብጦ ሲያይ የነበረው ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት የስፌት መኪናዎቹ ሲቆሙ ተነሳሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ብን ብሎ ጠፋ። ጠጠር አልነበረብኝም አልኳቸው። ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አሳንሼ ነው የመጣሁት፤ በሽታ የለብኝም፣ ወደ ድሮው ሰውነቴም አልመለስም፣ መመለስም አልፈልግም፤ ጋሽ መቀስ የመጀመሪያውን ልክ በትክክል ነው የቆረጡት፣ በሹራብ ያታለልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ።

ከዚያ ሬዲዮ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ጠጠር እንዳይዘኝ ብዬ ውሃ ስግት ከርሜ ሽንት ቤትና መኪናዬ መካከል መንገድ አወጣሁ እኮ ብላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ግን አልሳቀም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኩባያዋን እያማሰለች አፍን መያዝ አይቀልም ነበር ወይ አለች። እንደፈራሁት ነበር የመጣው፤ አመመኝም። ዝም እላለሁ ብዬ ሳስብ አፌ ቀደመኝ፤ አፌን ስይዝ የኖርኩበትን ዘመን አንቺ አላየሽውም፣ ያየሽው የለቀቅኩባቸውን ቀናት ነው አልኳት። ይቅርታ አላለችኝም፤ እስከ ዛሬ ኮስተር ብላብኛለች። ታኩርፍ።

ጋሽ መቀስ ያን ቀን አላናገሩኝም። ተቆጥተውኛል፣ መቆጣትም ይገባቸዋል። ሥራ አስኪያጇ በሩን ተደግፋ ሁሉን ሰምታለች፤ የተመለሰው ልብስ በሙሉ ይፈታል፣ ሁላችንም አምሽተን እንሠራለን፣ አንቺ ደግሞ ከሁሉ በኋላ ትወጫለሽ ብላኝ ገባች። ስለሚመጣው ቆራጭ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልተነሳም። በነጋታው ጠዋት ጋሽ መቀስ ጠረጴዛቸው ጋ ቆመው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠሩኝ። ከትከሻዬ እስከ ዳሌዬ እንደ አዲስ ሰው ለኩኝ። ልትሞቺ መስሎኝ ስንት ቀን ፈራሁልሽ አሉኝ። ቀጥለው እጄን ስጠራጠር እያየሽ ዝም ማለትሽ ግን ከፍቶኛል አሉ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሜትሩን ጠቅልለው አሁን ትልቅም መካከለኛም አይደለሽም፣ መቀነስሽን ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ያኔ ቦታሽን እናገኛለን አሉኝ። እታለም፣ ቦታሽን አሉኝ!

ከዚያ ወደ ቤቱ ዞር ብለው ትልቁን ልክ ማን ይቆምልኛል ሲሉ ካውያ ላይ የምትሠራው ከእንፋሎቱ ውስጥ ወጣች። ወፍራም ናት፣ ከእኔ ከድሮዋ ትበልጣለች፤ ፎቶ እንነሳ ሲባል እንኳ ሥራ አለብኝ ብላ የምትቀር ሴት ናት። እኔ ልቁም አለች። እጆቿን ስትዘረጋ ሬዲዮ ተነስታ የስፒሉን ሳጥን ያዘችላቸው።

እጅ መታጠቢያው ጋ ተከትላኝ መጣች። ያማል ወይ፣ ጸጉርሽስ አለችኝ፤ እነዚህን መለስኩላት። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ ድምፁ ውስጥ ሆና፣ ከዓመታት በኋላስ ሰው እንዴት ይሆናል፣ ልጅ መውለድስ ይቻላል ወይ አለችኝ። ይህ ማንንም ጠይቃ የማታውቀው ጥያቄ እንደሆነ ዓይኔን ለማየት ከመፍራቷ ታወቀኝ። የኔ ገና አዲስ ነው፣ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈችበት ሴት አውቃለሁ፣ እጠይቅልሻለሁ አልኳት። ማን ናት አላለችኝም።

እኔ የተናገርኩት ስለ ራሴ ሆድ ብቻ ነው፣ እታለም፤ በዚህ እርግጠኛ ሁኚ። እማዬ የጠዋት የእግር ጉዞ አንቺን እንዴት ሰው እንዳደረገሽ ለጎረቤት ስታወራ ወደፊትም ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሙ እኔን ሳይሆን አንቺን ቀድሞ ተጠፋፋን ብሎ ሲጨብጥሽ ያላየሁ መስዬ እንደቆምኩት ማለት ነው። ግን እሷ መልስ እየጠበቀች ነው። ብትጽፊላት ስምሽን መጻፍ የለብሽም፤ በእጄ አደርስላታለሁ። ባትጽፊም አልቀየምሽም፤ ለእኔ ያደረግሽው ለሁለት ሰው ይበቃል።

ብቻ ልጅ መውለድስ ስትለኝ ፈገግታዬን መያዝ አቃተኝ። መልሱ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አይቀርም።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ገበታሽን ይባርከው፣ የደከምሽበትን ሁሉ በደስታ ያስቆጥርሽ። ትንሿን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ በቅርቡ መጥቼ አቅፋታለሁ፣ አሁን ጉልበቴ ላይ የምትቀመጥበት ቦታ አለ በያት።

የልጅሽ አክስት